ከጠፈር የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ካርቦኑስ?

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች በሙሉ በወንዝና በውቅያኖስ ውኃ ውስጥ ስለሟሟው ካርቦን፣ ይህንንም በሳተላይት ስለ ማጥናት የቀረቡ ናቸው። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሳተላይቶች በወንዞችና በውቅያኖሶች ውስጥ የሟሟውን ካርቦን እንደሚለኩ በሬዲዮ ሰምቼ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዱ ተማሪ «ስኳር ሻይ ውስጥ ከሟሟ በኋላ አጠገባችን ሆኖ እንኳ አናየውም፤ ታዲያ ሳተላይት ከ700 ኪሎ ሜትር ርቀት እንዴት ያየዋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ደግሞስ በነሐሴ ወር የአፈር መልክ ይዞ የሚወርደው ዓባይ ካርቦን የበዛበት ነው ማለት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ መምህር፤ ተማሪዎ በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች እንኳ አንዳንድ ጊዜ ዘለው የሚያልፉትን ነጥብ ነው የያዘው። እውነቱን ለመናገር፣ ሳተላይት የሟሟ ካርቦን አያይም። የሚያየው የውኃውን ቀለም ነው፤ ካርቦኑ የሚገመተው ከቀለሙ ተነሥቶ ነው። በቀለምና በካርቦን መካከል ያለው ዝምድና አስተማማኝ በሆነበት ቦታ ግምቱ ያስደንቃል፤ ዝምድናው በላላበት ቦታ ደግሞ ያሳስታል።

በቅድሚያ «የሟሟ» የሚባለውን እንለይ። ባለሙያዎች የውኃውን ናሙና ቀዳዳው ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ በሚያንስ ማጣሪያ ያሳልፉታል። ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ደለል፣ አልጌና የቅጠል ብጥስጣሽ ያልሟሟ ሲባል፣ አልፎ የሚወርደው የሟሟ ይባላል። በዚህ ባለፈው ውኃ ውስጥ ያለው ካርቦንም ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ከዕፅዋት፣ ከአፈርና ከአልጌ የሚመነጨው ኦርጋኒክ ካርቦን ነው። ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ውስጥ ሲሟሟና ዐለት ሲሸረሸር የሚገኘው፣ በአብዛኛው ባይካርቦኔትና ካርቦኔት ሆኖ የሚኖረው ኢኦርጋኒክ ካርቦን ነው፤ ስለ እርሱ ሌላ አንባቢ ስለጠየቁን ወደ ታች እንመለስበታለን።

ከኦርጋኒኩ ካርቦን የተወሰነው ክፍል ቀለም አለው። ክረምት ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ያቆረ ውኃ በብርጭቆ ቀድተው በጥሩ ማጣሪያ ቢያጠሉት፣ አፈሩና ቅጠሉ ተለይቶ ከቀረም በኋላ ውኃው የወይባ መልኩን አይለቅም። ያን መልክ የሰጡት ተዘፍዝፈው ከቆዩ ቅጠሎችና ቅርፊቶች ወጥተው የሟሟት እንደ ታኒን ያሉ ውሕዶች ናቸው። ጀርመናዊው ኩርት ካሌ በ1930ዎቹ ይህንኑ በባሕር ውኃ ውስጥ ሲያጠና «ጌልብሽቶፍ» ብሎ ሰየመው፤ ቢጫ ቁስ ማለት ነው። ዛሬ ባለሙያዎች ቀለም ያለው የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ እያሉ ይጠሩታል፤ እኛ ግን ለአጠራር ስለሚቀል ካሌ በሰጠው ስያሜ «ቢጫ ቁስ» እያልን እንቀጥላለን።

ጠጅ የተቀዳበትን ብርሌ በመስኮት ብርሃን ፊት ሲይዙት ቢጫ ሆኖ የሚታየው፣ ጠጁ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥና ቢጫውንና ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። ቢጫው ቁስም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን ከሁሉም አብልጦ፣ ቀጥሎም ሰማያዊውን ይውጣል፤ ወደ አረንጓዴውና ወደ ቀዩ ሲኬድ ግን የመዋጥ ኃይሉ በፍጥነት እየወረደ ይሄዳል። ሳተላይቷ ከውኃው ውስጥ ተመልሶ የሚወጣውን ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ከፋፍላ ስለምትለካ፣ ሰማያዊው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደጎደለ ይታወቃል፤ የቢጫው ቁስ መጠንም ከጉድለቱ ይሰላል። ሰማያዊው ብርሃን ከናካቴው ተውጦ በሚያልቅባቸው ጥቋቁር ወንዞች ላይ ደግሞ የአረንጓዴውና የቀዩ ንጽጽር ይሻላል።

አሁን ወደ ነሐሴው ዓባይ እንምጣ። ተማሪዎችዎ ፊት በሁለት ብርጭቆ ሻይ ይቅዱና በአንደኛው ውስጥ ጥቂት ወተት ጠብ ያድርጉበት፤ ከዚያ ሁለቱንም ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ከላይ ቁልቁል እንዲመለከቷቸው ያድርጉ። ወተት ያልነካው ሻይ ይጠቁራል፤ ወተት የነካው ይፈካል። በወተቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብርሃኑን በትነው ወደ ዓይን ስለሚመልሱት ነው። የነሐሴ ዓባይ ወተት እንደገባበት ሻይ ነው፤ ከደጋው ተጠርጎ የመጣው ደለል ብርሃኑን ስለሚበትነው ከጠፈር ሲታይ ፈክቶ ይታያል። በብራዚል ማናውስ ከተማ አጠገብ ከአማዞን ጋር የሚገናኘው ሪዮ ኔግሮ ደግሞ ወተት እንዳልነካው ሻይ ነው። እዚያ ጥቁሩና ደለል የሞላበት ውኃ ሳይቀላቀሉ ለኪሎ ሜትሮች ጎን ለጎን ሲወርዱ በሳተላይት ምስል ላይ እንደ ሁለት የጥለት መስመር ይለያሉ። ቢጫ ቁስ የሞላው ጥቁሩ ነው። የደፈረሰ ወንዝ ምስል እያሳዩ «የሟሟ ካርቦን» ማለት እንግዲህ ስሕተት ነው። ደለልም ያልሟሟ ካርቦን ይዞ ይጓዛል፤ የሟሟው ግን ሌላ ነው፤ ደለል በበዛበት ጊዜም የቢጫውን ቁስ ድርሻ ለይቶ ማውጣት በጣም ያስቸግራል።

የተማሪዎ ስኳር ቀርቶናል። ስኳር ራሱ ኦርጋኒክ ካርቦን ነው፤ ነገር ግን ቀለም የለውም። በወንዝና በባሕር ውስጥም ቀለም የሌለው ብዙ የሟሟ ካርቦን አለ። አንድ ሻይ ቤት ሻዩን ባወፈረ ቁጥር ስኳሩንም በዚያው ልክ የሚጨምር ቢሆን፣ ጥቂት ብርጭቆዎች ቀምሰን ልማዱን ካወቅን በኋላ መልኩን ብቻ አይተን ስኳሩን መገመት እንችላለን። ያንኑ ግምት ይዘን ጎረቤት ሻይ ቤት ብንገባ ግን እንሳሳታለን። የሳተላይቱ ጥበብም ችግርም ይኸው ነው፤ ለእያንዳንዱ ወንዝና ለእያንዳንዱ ባሕር መጀመሪያ የሚቀምስ ሰው ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ በምን ዓይነት ስሌት ነው ወደ ቶን የሚለወጠው? ውጤቱስ ምን ያህል ይታመናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከላይ ያልነው ቀማሽ ጠርሙስ ይዞ ወደ ወንዙ የሚሄደው ተመራማሪ ነው። ሳተላይቷ በምታልፍበት ቀን ወንዙ ላይ ወጥቶ ናሙና ይቀዳል፣ ያጣራል፣ ከፊሉን በብርሃን መለኪያ ከፊሉን በካርቦን መለኪያ ይመረምራል። ለካርቦኑ ምርመራ ውኃው መጀመሪያ አሲድ ይጨመርበትና ኢኦርጋኒኩ ካርቦን ጋዝ ሆኖ እንዲወጣ ይደረጋል፤ የቀረው 680 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይቃጠልና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። በዚህ መንገድ የተሰበሰቡ በርካታ ናሙናዎች ከሳተላይቱ የቀለም ልኬት ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቀለሙና የካርቦኑ ቀመር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙስ ባልደረሰባቸው ቀናትና ቦታዎች ላይ ቀመሩ ብቻውን ይሠራል።

የኮንጎን ወንዝ ለምሳሌ እንውሰድ። በአማካይ በየሴኮንዱ ወደ 40,000 ሜትር ኩብ ውኃ ያፈስሳል፤ በውኃ ብዛት ከአማዞን ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በተፋሰሱ መሐል ኩቬት ሴንትራል የሚባል ሰፊ ረግረጋማ ደን አለ፤ ከዚህ ደን ሥር ፒት የሚባል፣ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ተነጥፏል። በ2017 የታተመ ጥናት በዚህ ፒት ውስጥ 30 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን እንደተቀመጠ ገምቷል። ከዚያ የሚወጡት ገባር ወንዞች ቡና የመሰሉ ናቸው። በዋናው ወንዝ ውስጥ የሟሟው ኦርጋኒክ ካርቦን በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲታሰብ ከምንም የማይቆጠር ይመስላል፤ ነገር ግን በየሴኮንዱ ከሚያልፈው 40,000 ሜትር ኩብ ጋር ሲባዛ በየሴኮንዱ 4 ኩንታል ካርቦን፣ በዓመት ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ይሆናል። ስሌቱ ከዚህ አይወሳሰብም፦ መጠኑ በውኃው ፍሰት ይባዛል። የፍሰቱን ልክ የሚሰጡት በወንዙ ዳር ያሉት የውኃ ከፍታ መለኪያ ጣቢያዎች ናቸው፤ ሳተላይቱ የሚያዋጣው የመጠኑን መለዋወጥ ከጊዜ ወደ ጊዜ ማሳየት ነው። ወንዙ አትላንቲክ ውቅያኖስ ከገባ በኋላም ጥቁሩ ውኃ ከባሕሩ ላይ ተንሳፍፎ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲዘልቅ ከጠፈር ይከተሉታል።

ስለ መታመኑ ስንነጋገር መጀመሪያ መነሣት ያለበት አየሩ ነው። ሳተላይቷ ባሕር ላይ ስታነጣጥር ከምትቀበለው ብርሃን በተለይ በሰማያዊው በኩል ከመቶ 90 ያህሉ ውኃውን ሳይነካ በአየርና በአቧራ ተበትኖ የተመለሰ ነው። የውኃውን ድምፅ ለመስማት ይህን ሁሉ ጫጫታ ማጣራት ያስፈልጋል፤ በማጣራቱ ላይ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት፣ ከጥቁር ውኃ የሚመለሰው ብርሃን እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ መልሱን እንዳለ ልታበላሸው ትችላለች። ዳመናም አለ፤ የኮንጎ ሰማይ ገልጦ የሚታይበት ቀን ጥቂት ነው። በጠባብ ወንዝ ላይ ደግሞ የዳርቻው ዛፍ ነጸብራቅ ከውኃው ጋር ይደባለቃል፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ነጥብ 1 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንበት የውቅያኖስ ሳተላይት ለወንዝ አይሆንም፤ 30 ሜትር የሚለየው ላንድሳት ወይም በአንዳንድ ባንዶቹ (ለይቶ በሚለካቸው የብርሃን ሞገድ ክፍሎች) እስከ 10 ሜትር የሚወርደው ሴንቲኔል-2 ይመረጣል።

ሁለተኛው ችግር አልጌ ነው። አልጌን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊልም ልክ እንደ ቢጫው ቁስ ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል። በ1978 የመጠቀችው ኒምበስ-7 ላይ የተገጠመው የመጀመሪያው የውቅያኖስ ቀለም መለኪያ ሰማያዊውን ይለካ የነበረው በ443 ናኖሜትር (ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) አካባቢ ብቻ ነበር፤ ይህ ደግሞ ክሎሮፊል አብዝቶ የሚውጥበት ሞገድ በመሆኑ፣ በወንዝ አፍ አካባቢ ያለ ቢጫ ቁስ በቀላሉ አልጌ መስሎ ይቆጠር ነበር። በ1997 ሥራ የጀመረው ሲዊፍስ የተባለው የውቅያኖስ ቀለም መለኪያ በ412 ናኖሜትር ሌላ ባንድ ተጨመረለት። በዚህ ሞገድ ላይ የክሎሮፊሉ ጉልበት ሲቀንስ የቢጫው ቁስ ጉልበት ስለሚጨምር ሁለቱን መለየት ጀመረ። በየካቲት 2024 ናሳ ያመጠቃት ፔስ ሳተላይት ደግሞ እስከ 340 ናኖሜትር ወርዳ በአልትራቫዮሌቱ ውስጥ ትመለከታለች፤ በመካከል ያሉትንም ሞገዶች በጥቂት ባንዶች ሳይሆን በተከታታይ ትለካለች። በዚህ መስክ ከመጡት መሣሪያዎች ሁሉ ትልቁ እመርታ ይህ ይመስለናል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ቀለም የገባ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ሲውል ጨርቁ እንዳለ ሆኖ ቀለሙ እንደሚለቅ ሁሉ፣ ቢጫው ቁስም በባሕር ላይ ፀሐይ ሲመታው መልኩን ቀድሞ ያጣል፤ ካርቦኑ ግን በአብዛኛው ይቀራል። ስለዚህ ከወንዙ አፍ በራቅን መጠን ያው ካርቦን እያለ ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመካከለኛው ውቅያኖስ ላይ ደግሞ የቀለሙና የካርቦኑ ዝምድና ጨርሶ ይላላል። በዚህ ምክንያት እዚያ የሚሠሩ ጥናቶች በቀለም ብቻ ሳይመኩ የውኃውን ሙቀትና ጨዋማነት ይጨምራሉ።

ዝምድናው ከሁሉ የጠነከረው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ባሉት ወንዞች፣ ማለትም በሳይቤሪያዎቹ ኦብ፣ ዬኒሴይ፣ ሌናና ኮሊማ እንዲሁም በሰሜን አሜሪካዎቹ ዩኮንና ማኬንዚ ላይ ነው። አርክቲክ ውቅያኖስ ከዓለም የውቅያኖስ ውኃ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ ከዓለም የወንዝ ውኃ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይቀበላል፤ ከዓመቱ ካርቦን ትልቁ ድርሻ የሚወርደውም በግንቦትና በሰኔ በረዶው ተሰባብሮ ወንዙ ሲሞላ ነው። በዚያን ጊዜ ቤት የሚያክል በረዶ እየተላጋ በሚወርድበት ወንዝ ላይ በጀልባ ናሙና መቅዳት ሕይወትን አሲዞ መቆመር በመሆኑ፣ ሳተላይቱ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ቀመሩ ጠንካራ ስለሆነም ላንድሳት በ1980ዎቹ ያነሣቸውን ምስሎች ሳይቀር መልሶ በማንበብ የወንዞቹን የቆየ ታሪክ ማውጣት ተችሏል። ለዘመናት በረዶ ሆኖ የኖረው የዚያ አካባቢ አፈር እየቀለጠ በሚሄድበት በአሁኑ ዘመን ይህ ታሪክ እንደ መነሻ መለኪያ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በአጭሩ፣ በውቅያኖስ ውስጥ የሟሟው ኦርጋኒክ ካርቦን ወደ 660 ቢሊዮን ቶን ይገመታል፤ በአየር ላይ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ካለው ካርቦን ጋር የሚቀራረብ ነው። ወንዞች በየዓመቱ 250 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይጨምሩበታል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ በባክቴሪያ ተበልቶ ወደ አየር እንደሚመለስ ሳይታወቅ የምድርን የካርቦን ሒሳብ መዝጋት አይቻልም። ለከተማ ነዋሪ የሚቀርብ ጥቅምም አለ፤ በሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ የበለጸገ ውኃ በክሎሪን ሲታከም ለጤና የማይፈለጉ ውሕዶች ስለሚፈጠሩ፣ የግድብን ውኃ ቀለም ከጠፈር መከታተል ለውኃ ማጣሪያ ባለሙያዎች አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሆናቸዋል።

ጥያቄ፦ ያደግኩት በአቢያታ ሐይቅ አቅራቢያ ነው። ከሐይቁ ሶዳ አሽ እንደሚመረት፣ ሶዳ አሽም ካርቦኔት እንደሆነ ተምሬያለሁ። እንግዲያው ሐይቃችን በሟሟ ካርቦን የተሞላ ነው ማለት ነው፤ ይህስ በሳተላይት ይታያል? (ከባቱ)

መልስ፦ አዎን፣ አቢያታ በሟሟ ካርቦን የተሞላ ነው፤ ሻላም፣ ጭቱም እንዲሁ። ነገር ግን የእነዚህ ሐይቆች ካርቦን በዋናነት ኢኦርጋኒኩ፣ ማለትም ባይካርቦኔትና ካርቦኔት ነው፤ እርሱም ልክ እንደ ስኳሩ ቀለም የለውም። የጭቱ አረንጓዴነት ሶዳ ከሚወድ ጥቃቅን ሕይወት እንጂ ከካርቦኔቱ የመጣ አይደለም። በአቢያታ ላይ ሳተላይት በግልጽ የሚያሳየው የሐይቁን ስፋት ነው፤ ላለፉት ዐሥርት ዓመታት የተነሡት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዳርቻው ምን ያህል እንደሸሸ ማንም ያያል። ውኃው ሲቀንስ የቀረው ይበልጥ እንደሚከር መገመት ይቻላል፤ የካርቦኔቱን ልክ ግን ጠርሙስ ያልገባበት ምስል አይናገርም።

በውቅያኖስ ላይ ለዚህ ዘወርዋራ መንገድ ተገኝቶለታል። በባሕር ውስጥ የሟሟው ኢኦርጋኒክ ካርቦን ወደ 38,000 ቢሊዮን ቶን ይደርሳል፤ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አንድ አራተኛ ያህሉን ውቅያኖስ ይቀበላል። ይህ ካርቦን ባይታይም አሲድን የመቋቋም ጠባዩ፣ አልካሊነት የሚባለው፣ ከውኃው ጨዋማነት ጋር ተጠግቶ ይሄዳል። ጨዋማነት ደግሞ የባሕሩ ገጽ በሚያመነጨው የማይክሮዌቭ ጨረር ላይ ለውጥ ስለሚያመጣ ከጠፈር ይለካል፤ አውሮፓ በ2009 ያመጠቀችው ስሞስና አሜሪካ በ2015 ያመጠቀችው ስማፕ ይህንኑ ይለካሉ። ተመራማሪዎች ይህን ከገጹ ሙቀትና ከክሎሮፊሉ ጋር አቀናጅተው፣ መርከቦች በመንገዳቸው ላይ ከሰበሰቡት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት ጋር በማመሳከር የውቅያኖሱን ካርታ ይሠራሉ። ሆኖም ይህ ቀመር ለባሕር ጨው የተሠራ ነው፤ ለስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቅ ወስዶ መጠቀም ጎረቤት ሻይ ቤት መግባት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥናቴን በጣና ገባሮች የሟሟ ካርቦን ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። የሳተላይት ምስል መግዣ ገንዘብ የለኝም። የአገራችን ሳተላይት ትረዳኝ ይሆን? (ከጎንደር)

መልስ፦ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት በዋናነት ለመሬት ቅኝት የተሠራች ስለነበረች ለዚህ ሥራ አንመክራትም። ገንዘብም አያስፈልግዎትም። የላንድሳት ምስሎች ከ2008 ጀምሮ፣ የሴንቲኔል-2 ደግሞ ከመነሻው በነፃ ይገኛሉ። የሚያስፈልግዎ ኢንተርኔት፣ ትዕግሥትና ጠርሙስ ነው። ክረምቱን አይምረጡ፤ ሰማዩ በዳመና ተሸፍኖ፣ ወንዙም በደለል ተሞልቶ ምስሉ የሚጠቅም ነገር አይሰጥዎትም። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ደለሉ ሲሰክን፣ ባሕር ዛፍና ደንገል የሚያጥለቀልቁትን ገባሮች ይጀምሩ፤ ስፋታቸው ግን ቢያንስ ጥቂት የሴንቲኔል-2 ነጥቦችን የሚያስተናግድ ይሁን፤ ያለዚያ ውኃውን ሳይሆን ዳርቻውን ይለካሉ። ገባሩ ጠባብ ከሆነ ሐይቁን የሚገናኝበት ሰፊ አፍ ላይ ይቅዱ።

ሁለቱም ሳተላይቶች በእርስዎ አካባቢ የሚያልፉት ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሴንቲኔል-2 በ5 ቀን አንድ ጊዜ ይመለሳል። የሚያልፍበትን ቀን አስቀድመው ይወቁና በዚያው ሰዓት ይቅዱ። ናሙናውን በጥቁር ጠርሙስ ወይም በአልሙኒየም ፎይል በተጠቀለለ ጠርሙስ ይያዙ፤ ፀሐይ በመንገድ ላይ ቀለሙን እንዳያጠፋብዎት በበረዶ ሣጥን ውስጥ አድርገው በዚያው ዕለት ያጣሩት። ጠርሙሱ ላይ ቀኑንና ቦታውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንና የሰማዩን ሁኔታ ጭምር ይጻፉ፤ ከወራት በኋላ ከምስሉ ጋር ሲያገናኙት ከናሙናዎቹ ግማሽ ያህሉ «ስስ ዳመና ነበረ» በሚል ማስታወሻ ምክንያት ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ያስፈልገኛል ብለው ካሰቡት እጥፍ ይቅዱ።